የእናቴ የይለፍ ቃል ደብተር ይቀደድ ወይስ ይቀመጥ?

መነሻው ጥያቄ የእኔ ነው። እናቴ የይለፍ ቃሎቿን በሙሉ በአንዲት ትንሽ ደብተር ላይ ትጽፋለች። የኢሜይሏን፣ የባንኳን፣ ፎቶ የምታስቀምጥበትን፣ ሁሉንም። ደብተሯ የልብስ መሳቢያዋ ውስጥ ናት። እኔ ደግሞ የይለፍ ቃል ወረቀት ላይ አይጻፍም ሲባል እየሰማሁ ነው የኖርኩት። ስለዚህ እንቅደዳትና ሁሉንም ስልክሽ ላይ ላስገባልሽ አልኳት። እምቢ አለች። እኔም ድምፄን ከፍ አደረግኩ፣ እሷም አኮረፈች። ማታ ላይ ጥያቄውን እዚህ መወያያ ገጽ ላይ ለጠፍኩት። በዚያው አንድ ነገር ጠቅሼ አለፍኩ፤ ደብተሩ ውስጥ ያሉት ቃሎች አብዛኞቹ አንድ ናቸው፣ የሚለያዩት መጨረሻ ላይ ባለው ቁጥር ብቻ ነው። ያኔ ዋናው ነገር እሱ መሆኑ አልታየኝም።

እስካሁን 31 መልስ መጥቷል። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም ከላይ እስከ ታች ማንበብ ስለሚከብደው ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1ኛው መልስ ደብተሩ ዛሬውኑ ይቃጠል የሚል ነበር። 2ኛው ደገፈው፤ ወረቀት ላገኘው ሁሉ ክፍት ነው፣ ስልክ ግን ቢያንስ ይቆለፋል የሚል ሐሳብ ነው ያለው።

3ኛው ነገሩን ገለበጠው። እናቴ ቤት ማን ማን እንደሚገባ ጠየቀኝ። የይለፍ ቃል የሚሰርቁት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ ቦታ ተቀምጠው ነው የሚሠሩት፤ ኢሜይሏን ሊሰብሩ ይችሉ ይሆናል እንጂ መሳቢያዋን አይከፍቱም። ደብተሩን የሚያሰጋው እዚያው ቤት የሚገባና የሚወጣ ሰው ነው። እዚያ ቤት የምትጠረጥሩት ሰው ከሌለ ደብተሩ ከብዙ ስልክ የተሻለ መደበቂያ ነው ባይ ነው። 4ኛው ተስማምቶ አንድ ልዩነት አስቀመጠ። መሳቢያ ውስጥ ያለ ደብተርና የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ የተለጠፈ ቁራጭ ወረቀት አንድ አይደሉም፤ የተለጠፈውን አላፊ አግዳሚው ያነበዋል፣ ፎቶ ሲነሱ እንኳ ከጀርባ ይታያል።

እንቅልፍ የነሳኝ 5ኛው ነው። ጸሐፊዋ ደብተሩን ትታ ቁጥሩ ላይ አተኮረች። አንድ ድረ ገጽ ሲሰበር የተሰረቁት ኢሜይሎችና የይለፍ ቃሎች ተሰብስበው ዝርዝር ይሆናሉ። ከዚያ ማሽን ዝርዝሩን ይዞ በሌሎች ድረ ገጾች ላይ አንድ በአንድ ይሞክራል። ምሳሌም አመጣች። በ2009 ሮክዩ ከሚባል ኩባንያ 32 ሚሊዮን የይለፍ ቃል ተሰረቀ፤ በግልጽ ጽሑፍ ነበር የተቀመጠው፣ በብዛት የተገኘውም 123456 ነበር። በ2013 ያሁ ላይ በደረሰው ስርቆት የተነካው ሦስት ቢሊዮን አካውንት ነው፤ ሙሉ ቁጥሩ የታወቀው ግን በ2017 ነው። መጨረሻ ላይ ቁጥር መቀያየርን ደግሞ እነዚህ ማሽኖች መጀመሪያ ከሚሞክሯቸው ነገሮች አንዱ እንደሆነ ጻፈች። ማለትም ከእናቴ ቃሎች አንዱ ቢወጣ ሌሎቹ ሁሉ እንደወጡ ይቆጠራል።

6ኛው ይህን አልተቀበለም። አንዲት ጡረተኛ እናት ምን አላትና ነው የሚያድኗት ሲል በጥቂቱ አሾፈ። 5 ቁጥሯ በ7ኛው መልስ ተመለሰችና ቆጣ አለች። ማንም እሷን ብሎ አይመርጣትም፣ ማሽኑ የማን አካውንት እንደሆነ አይጠይቅም፣ የከፈተውን ከፍቶ ይገባል። ኢሜይል የሌቦች ዝርዝር ውስጥ መግባት አለመግባቱን ማየት የሚፈልግ ትሮይ ሀንት የተባለ የኮምፒውተር ደህንነት ባለሙያ በ2013 የከፈተውን ሀቭ አይ ቢን ፖውንድ የተባለውን ድረ ገጽ እንዲጠቀም መከረች። እዚያው የይለፍ ቃልንም መፈተሽ ይቻላል። ሌላ ሰው ቃሉን ለማያውቀው ገጽ መስጠት ራሱ ሞኝነት አይደለም ወይ ብሎ ሲጠይቃት ያብራራችው ደስ አለኝ። ቃሉ ራሱ አይላክም። በራስ ብሮውዘር ውስጥ ወደ ረጅም የፊደልና የቁጥር ቅልቅል ይለወጥና ከእሱ የመጀመሪያዎቹ 5 ምልክቶች ብቻ ይላካሉ። ገጹ በእነዚያ የሚጀምሩትን ሁሉ ይመልሳል፣ ማነጻጸሩ እዚሁ በራስ መሣሪያ ላይ ይሆናል። እኔ የራሴን ሞከርኩ፤ ከወጡት ውስጥ ሁለት አገኘሁ። በዚያው ሌሊት ቀየርኳቸው።

9ኛውን የጻፉት መምህር የነበሩ ትልቅ ሰው ናቸው። በትሕትና ነው የጠየቁት። መሥሪያ ቤታቸው በየሦስት ወሩ የይለፍ ቃል ያስቀይራቸው ነበር፣ እሳቸውም ቃሉን ሳይነኩ ቁጥሩን ብቻ ከፍ ያደርጉ ነበር። ይህ ስህተት ነበር ወይ ነው ጥያቄያቸው። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ፤ የእናቴም ቁጥሮች ከየት እንደመጡ ገባኝ። እሷም በሥራ ላይ ሳለች እንዲሁ በየጊዜው ታስቀየር ነበር። ያስተማራት ያ መሥሪያ ቤት ነው። እኔ ግን እሷን ነው የተቆጣሁት።

በ10ኛው ላይ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ለመምህሩ በጥሩ ሁኔታ መለሰላቸው። በየጊዜው መቀየር፣ ትልቅ ፊደል፣ ቁጥርና ልዩ ምልክት ማስገባት የሚባለው ልማድ የተስፋፋው በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም የ2003 መመሪያ ነው። መመሪያውን የጻፉት ቢል በር በ2017 ባብዛኛው እንደሚጸጽታቸው ለጋዜጣ ተናገሩ። ተቋሙም በዚያው ዓመት መመሪያውን ቀየረው፤ የይለፍ ቃል መውጣቱ ሲታወቅ እንጂ ቀን ተቆጥሮ አይቀየር፣ ርዝመቱ ይጠበቅ የሚል ሆነ። ማይክሮሶፍትም በ2019 በየጊዜው የማስቀየሩን ነገር ከዊንዶውስ የደህንነት ምክሩ አወጣው። ሰው በየሦስት ወሩ አዲስ ነገር ማሰብ ስለማይችል የሚያደርገው መምህሩና እናቴ ያደረጉትን ነው። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ይህን ደግሜ ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም።

11ኛው ታዲያ ምን ዓይነት ቃል ይሁን ለሚለው መልስ ሰጠ። ዳይስዌር የሚባል በ1995 አርኖልድ ራይንሆልድ ያወጣው ዘዴ አለ። ዳይ፣ ማለትም ከ1 እስከ 6 ቁጥር ያለው የመጫወቻ ኩብ፣ አምስት ጊዜ ይጣላል፣ የወጡት አምስት ቁጥሮች ከ7776 ቃላት ዝርዝር አንዱን ይመርጣሉ። አራት ቃል ሲደረደር ሊሆን የሚችለው ቅንብር ከ3600 ትሪሊዮን ይበልጣል፤ ስድስት ቃል ሲሆን ደግሞ ለመገመት የማይታሰብ ነው። ለሰው ግን አራት ተራ ቃል ከአንድ የተወላገደ ቃል ይልቅ ይያዛል። 12ኛዋ በራስ ቋንቋ ቃላት ቢሆንስ አለች፣ ተረት ወይም የዘፈን ግጥም ቢሆንስ አለች። መልሱ ቋንቋው ችግር እንደሌለው፣ ተረትና ግጥሙ ግን እንደማይሆን ነበር። ጥንካሬው የሚመጣው ቃሉን ሰው ሳይሆን ዳዩ ስለመረጠው ነው፤ ሰው የሚያውቀውን ዓረፍተ ነገር ሌባውም ያውቀዋል።

ከ13 እስከ 15 ያለው ጸብ ነው። 13ኛው ፓስዎርድ ማናጀር ተጠቀሙና ተገላገሉ የሚል ምክር ሰጠ። አንድ ጠንካራ ቃል ብቻ ይያዛል፣ ሌላውን አፑ ራሱ ይፈጥራል፣ ያስቀምጣል፣ ይሞላል። 14ኛው ኃይለ ቃል ተናገረ። የቤትን ሁሉ ቁልፍ ለማያውቁት ኩባንያ አስረክቦ መተኛት ነው ብሎ ላስትፓስ የሚባለውን ማናጀር ጉዳይ አነሳ። እውነት ነው፤ በ2022 ሌቦች የደንበኞችን ካዝና፣ ማለትም የይለፍ ቃሎቻቸው የተቀመጡበትን ፋይል፣ ቅጂ ወስደዋል። የይለፍ ቃሎቹ ተመስጥረው ነበር፣ የድረ ገጽ አድራሻዎቹ ግን አልነበሩም። 13 ቁጥሩ ደግሞ 14ን ሳያነብ የሚጽፍ ሰው አድርጎ ዘለፈው። ስድቡን አልደግመውም። ሁለቱም ትክክል የሆኑበት ነገር ነበር፣ ግን በቁጣው ውስጥ ጠፋ። ዋናው ቃል ረጅም የሆነለት ሰው ካዝናው ቢሰረቅም ብዙ አይሰጋም፤ ዋናው ቃሉ አጭር የሆነበት ሰው ግን አለቀለት።

በ16ኛው መልስ ሁለቱም ያላነሱት ነገር መጣ፤ ለእኔ ከሁሉ የበለጠው ምክንያት ይህ ነው። ማናጀሩ ቃሉን የሚሞላው አድራሻው ትክክል ሲሆን ብቻ ነው። የሰው ዓይን አንድ ፊደል የተቀየረበትን አድራሻ አያስተውልም። ማናጀሩ ግን ያስተውላል፣ ካልተመሳሰለ ዝም ይላል። ጸሐፊው የራሱን ታሪክ ነገረን። አካውንትህ ሊዘጋ ነው የሚል ኢሜይል ይደርሰዋል። ላኪው የሚያውቀው ስም ነው። ሊንኩን ነካ፣ ገጹ ተከፈተ፣ ማናጀሩ ግን አልሞላም። ተበላሸ ብሎ ተናደደ። ከዚያ ቃሉን በእጁ ኮፒ አድርጎ አስገባው። ከአንድ ሰዓት በኋላ አካውንቱ የእሱ አልነበረም። ማናጀሩ ሳይሞላ ሲቀር እጃችሁን ከኪቦርዱ አንሱ ነው ምክሩ። 17ኛዋ የጨመረችው፣ ኢሜይል ላይ የሚታየው የላኪ ስም እንደ ፖስታ ጀርባ መሆኑን ነው፤ ማንም የፈለገውን ሊጽፍበት ይችላል። ስለዚህ ሊንኩን ከመንካት አድራሻውን ራስ ጽፎ መግባት ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ወሬው ዞረ። 18ኛው፣ 16 ቁጥሩ የተታለለበት ገጽ ላይ አድራሻው አጠገብ የምትታየው የቁልፍ ምልክት ነበረች ወይ ብሎ ጠየቀ። ነበረች። 19ኛው ምልክቷ የምትለው በመካከል ማንም እንዳያነብ መስመሩ ተመስጥሯል ብቻ እንደሆነ፣ በዚያኛው ጫፍ ያለው ሰው ታማኝ ነው እንደማትል አስረዳ። አጭበርባሪም ቁልፍ ያለው ገጽ በነፃ ይከፍታል። ጎግል በ2021 ባደረገው ጥናት የምልክቷን ትርጉም በትክክል የተረዱት ከተጠየቁት 11 በመቶ ብቻ ስለነበሩ በ2023 ክሮም በሚባለው ብሮውዘሩ ላይ በሌላ ምልክት ተክቷታል። 20ኛው ኢንኮግኒቶ ስለሚባለው የብሮውዘር የግል መስኮት አነሳ፤ በዚያ ከፍቶ ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ? አይተርፍም። ኢንኮግኒቶ የተጎበኙ ገጾችን ታሪክና ኩኪን (ገጾች መሣሪያው ላይ የሚተዉትን ማስታወሻ) በራስ መሣሪያ ላይ አያስቀምጥም እንጂ ከኢንተርኔት አቅራቢም፣ ከመሥሪያ ቤትም፣ ከሚጎበኘው ገጽም አይሰውርም። በዚሁ የተነሳ በ2020 ጎግል ተከሶ በ2024 የተሰበሰበውን መረጃ ለማጥፋት ተስማምቷል። 21ኛው ደግሞ ጂሜይል በስም መካከል ያለን ነጥብ እንደማይቆጥር ነገረን። በነጥብም ያለ ነጥብም የሚላክ ደብዳቤ እዚያው ይደርሳል። ምን አገናኘው አትበሉ፤ የሌላ ሰው ደብዳቤ ለምን እንደሚደርሰኝ ለዓመታት ግራ ይገባኝ ነበር።

22ኛው ተቆጣ። ጥያቄው ስለ አንዲት እናት ደብተር እንደነበር አስታወሰና እውቀት የምታሳዩበት ቦታ አይደለም የሚል ይዘት ያለው ነገር ጻፈ። አባባሉ ሻካራ ነበር፣ ግን ጠቀመ።

ምክንያቱም 23ኛው ወደ ጉዳዩ ተመለሰ። የይለፍ ቃል ረሳሁ ሲባል ማደሻው ሊንክ የሚላከው ወደ ኢሜይል ነው። ስለዚህ ኢሜይሏን የያዘ ሰው ሌላውን ሁሉ አንድ በአንድ ማደስ ይችላል። ባንኩ፣ ፎቶው፣ ሁሉም ከኢሜይሉ በታች ነው ያለው። አንድ ነገር ብቻ ለመሥራት ጊዜ ካለ የኢሜይሉ ቃል ለብቻው ረጅም ይሁን፣ ሌላ ቦታ አይደገም፣ ከይለፍ ቃሉ ሌላ ኮድም የሚጠይቀው ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይብራ።

24ኛው ላይ ሁላችንም ዝም አልን። የጻፈችው እህት ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብርታ ነበር፣ ጥሩ የይለፍ ቃልም ነበራት። ስልኳ ተሰረቀ። ኮድ የሚያወጣው አፕ ስልኩ ላይ ነበር። ማስመለሻ ተብሎ የተመዘገበው ቁጥር ከዓመታት በፊት የተወችው ሲም ነው፤ ቁጥሩም ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። የማስመለሻ ኮዶቹን ስታበራ አሳይቷት ነበር፣ ግን ሳትይዛቸው ገጹን ዘጋችው። የይለፍ ቃሉን በትክክል እያወቀች መግባት አልቻለችም። ውስጡ የሟች አባቷ ደብዳቤዎች ነበሩ። አባቷ በየሳምንቱ ይጽፉላት ነበር። ሌባ አልወሰደባትም፣ ማንም አልሰበረባትም፣ በሩ ከውጭ ተዘጋባት። ይህን ካነበብኩ በኋላ ኮምፒውተሩን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። 14 ቁጥሩ፣ ያ የተሳደበው፣ በ25ኛው ተመልሶ አጽናናት። 13ንም ይቅርታ ጠየቀ።

26ኛው ከዚህ ተነስቶ ደብተሩን አዳነው። ኢሜይል ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ሲበራ የሚሰጣቸው የማስመለሻ ኮዶች አሉ፣ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ። ስልክ ላይ ቢቀመጡ ከስልኩ ጋር ይጠፋሉ። ቦታቸው ወረቀት ነው። እናትየው ደብተር አላት፣ ደብተሯን የምታስቀምጥበትን ታውቃለች፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል አለን። 27ኛው ኮዱ በኤስኤምኤስ ከሚመጣ በአፕ ቢሆን እንደሚሻል ገለጸ። ሌባ በባለቤቱ ስም ምትክ ሲም ሊያስወጣ ይችላል፤ የአፑ ኮድ ግን በየ30 ሴኮንዱ ይቀየራል፣ ኔትወርክም አይፈልግም። 28ኛዋ አካውንቱ ተሰብሮ ለተመለሰለት ሰው አንድ ነገር አስታወሰች። ቃሉን መቀየር ብቻ አይበቃም። ሌባው ደብዳቤ ሁሉ ወደ እሱ እንዲተላለፍ ትእዛዝ ትቶ ሊሄድ ስለሚችል ሴቲንግ ውስጥ ማስተላለፊያውንና ማጣሪያውን ማየት፣ ከሌሎች መሣሪያዎች ሁሉ መውጣትም ያስፈልጋል። 29ኛው ፓስኪ የሚባለው፣ ቃል ሳይጻፍ በስልክ አሻራ ወይም መክፈቻ የሚገባበት መንገድ፣ የይለፍ ቃልን ቀስ በቀስ እንደሚተካ ጠቅሶ አለፈ፣ 30ኛው አመሰገነ።

31ኛውን እንደገና መምህሩ ጻፉት። እኔ ስሞት ልጆቼ እንዴት ይገባሉ የሚል ነበር ጥያቄያቸው። ጎግል ለሁለት ዓመት ያልተነካ የግል አካውንትን እንደሚያጠፋ አንብበው አሳስቧቸዋል፤ ማጥፋቱን በ2023 መጨረሻ ጀምሯል። ጎግል አካውንቱ ዝም ሲል ለማን እንደሚነገር አስቀድሞ የሚመረጥበት ሴቲንግ አለው፤ አፕልም ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ወራሽ የሚመዘገብበት መንገድ ሰጥቷል። ለመምህሩ ይህን ጽፌላቸዋለሁ። ለእናቴ ግን ሌላ ነገር ገባኝ። ደብተሯን አልሰጥም ያለችው ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም ነበር።

ቅዳሜ ሄድኩና ጠየቅኳት። ድንገት አንድ ነገር ብሆን እናንተ እንዳትቸገሩ ብዬ ነው አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅኳት። ከዚያ አብረን ቁጭ አልን። ኢሜይሏ ላይ የተመዘገበው የማስመለሻ ቁጥር የድሮው ነበር፣ ልክ እንደዚያች እህት። ቀየርነው። ዳይ ጥላ ስድስት ቃል አወጣች፣ ራሷ በእርሳስ ጻፈቻቸው። የማስመለሻ ኮዶቹን በሚቀጥለው ገጽ ላይ ቁጥር በቁጥር ስታሰፍር እኔ እያነበብኩላት ነበር። ባንኩንም አስተካከልን። ገና 14 ቦታ ይቀራል፣ ቁጥራቸው ብቻ የሚለያይ። በየቅዳሜው ሦስት ሦስት እየሠራን እንጨርሳለን ተባብለናል። ደብተሯ ከመሳቢያው ወጥታ ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ገብታለች፤ ትርፍ ቁልፉ እኔ ጋ ነው።